ካሳና ማንጻት፦ ነዳጅ የበከለውን ምድርና ውሃ የመመለስ ግዴታ

ፕላቶ በዕድሜው መጨረሻ በጻፈውና «ሕግጋት» በተባለው መጽሐፉ ስምንተኛ ክፍል የሌላውን ሰው ምንጭ ወይም የውሃ ማጠራቀሚያ ሆን ብሎ ስለሚበክል ሰው ሕግ ደንግጓል። በድንጋጌው መሠረት ጥፋተኛው የሚጠየቀው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የጉዳቱን ግምት ለተበዳዩ መክፈል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ የሃይማኖት ሥርዓት ተርጓሚዎች በሚያዝዙት መንገድ ውሃውን ራሱን ማንጻት ነው። ድንጋጌው አጭር ቢሆንም ትልቅ ልዩነት ለይቶ አስቀምጧል፤ በገንዘብ የሚከፈለው ካሳ በበዳዩና በተበዳዩ መካከል ያለውን ሒሳብ ሲዘጋ፣ ማንጻቱ ግን በጭቅጭቁ ውስጥ ድምፅ የሌለውን ውሃ፣ እንዲሁም ነገ ከዚያ ውሃ የሚጠጣውንና ስሙ ገና የማይታወቀውን ሰው ይመለከታል። አንዱ ዕዳ ሲከፈል ሌላው ይሰረዛል ወይስ አይሰረዝም የሚለው ጥያቄ በዘመናችን ከምንም ነገር ይልቅ በነዳጅ በተበከለ አፈርና የከርሰ ምድር ውሃ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ፕላቶ ለውሃ የተለየ ሕግ ያስፈለገበትን ምክንያት ሲያስረዳ፣ ተክልን ከሚመግቡት ነገሮች መካከል አፈር፣ ፀሐይና ነፋስ በመርዝም ሆነ በስርቆት በቀላሉ የማይነኩ ሲሆኑ ውሃ ግን ለዚህ ሁሉ የተጋለጠ መሆኑን ይናገራል። ስለ ውሃ የተናገረው ዛሬም ትክክል ነው፤ ስለ አፈር የተናገረው ግን በእርሱ ዘመን እውነት ቢሆንም በነዳጅ ዘመን አይጸናም። ከተቀበረ ታንክ፣ ከተበሳ ቧንቧ ወይም ከተገለበጠ ቦቴ የፈሰሰ ነዳጅ በመጀመሪያ የሚያልፈው በአፈር ቅንጣቶች መካከል አየርም እርጥበትም በሚገኝበት የላይኛው ንብርብር ውስጥ ነው፤ በዚህ ጉዞው እያንዳንዷ ቀዳዳ ከነዳጁ ጥቂት ጥቂት ስለምታስቀር፣ የፈሰሰው መጠን ትንሽ ከሆነ እዚያው ይቀራል፣ ብዙ ከሆነ ግን የአፈሩ ቀዳዳዎች ሁሉ በውሃ ወደ ተሞሉበት ጥልቀት ይደርሳል። ይህ ጥልቀት የከርሰ ምድር ውሃ ወለል ይባላል። ቤንዚንም ሆነ ናፍጣ ከውሃ የቀለሉ በመሆናቸው በወለሉ ላይ ተንሳፍፈው ይነጠፋሉ፤ ዝናብ በበዛበት ወቅት ወለሉ ከፍ ሲል አብረው ከፍ፣ በበጋ ዝቅ ሲል አብረው ዝቅ እያሉም ከበላይና ከበታች ያለውን አፈር ደጋግመው ይቀባሉ።

ከነዳጁ ንጥረ ነገሮች መካከል ጥቂቶቹ በውሃ ይሟሟሉ። ከእነዚህ ዋነኛው ቤንዜን የሚባለው ኬሚካል ሲሆን፣ በማደያ በሚሸጠው ነዳጅ ውስጥ በአነስተኛ መጠን የሚገኝና በሰው ላይ የደም ካንሰር እንደሚያስከትል የተረጋገጠ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መመሪያ በአንድ ሊትር ከ10 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ያሳስባል፤ ማይክሮግራም የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። የተሟሟው ክፍል ከውሃው ጋር በዝግታ እየተጓዘ ነዳጁ ከፈሰሰበት ቦታ ይርቃል፤ ስለዚህ ጥፋቱ የተፈጸመበት ቦታና ጉዳቱ የሚደርስበት ጉድጓድ የተለያዩ ይሆናሉ፣ ጥፋቱ የተፈጸመበት ቀንና ሕመሙ የሚታወቅበት ቀንም በዓመታት ይራራቃሉ። ተበዳዩ በዳዩን አያውቀውም፤ ብዙ ጊዜም መበደሉን ራሱን አያውቅም።

እዚህ ላይ የፕላቶ ሕግ ብቻውን አይበቃም፣ እርሱ የሚቀጣው ሆን ብሎ የሚበክለውን ነውና። አብዛኛው የነዳጅ ብክለት የሚመጣው ከክፋት ሳይሆን ከቸልታ፣ ማለትም ዝገቱ ካልተመረመረ ታንክና ካልተጠገነ ቧንቧ ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላው በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 የሚገኘው የጉድጓድ ሕግ ነው። በሕጉ መሠረት ጉድጓድ ከፍቶ ወይም ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፣ የሌላ ሰው በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ዋጋውን ይከፍላል፤ ሕጉ ሰውየው ጉዳት አስቦ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ አይጠይቅም፣ መክደን ሲገባው አለመክደኑ ይበቃል። የአይሁድ መምህራን በሚሽና ውስጥ ስለ ጉዳት በተጻፈው ክፍል መጀመሪያ ላይ ጉድጓድን ከበሬ፣ ከሚግጥ እንስሳና ከእሳት ጋር ከአራቱ ዋና ዋና የጉዳት ምንጮች አንዱ አድርገው የቆጠሩትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ጉድጓድ አይንቀሳቀስም፣ አይዋጋም፣ አያቃጥልም፣ ዝም ብሎ ይጠብቃል እንጂ። ተቀብሮ የሚያፈስ የነዳጅ ታንክ ከዚህ ሕግ ጋር ያለው ዝምድና የቅርብ ነው፤ ልዩነቱ በሬው የገባበት ጉድጓድ ለዓይን የሚታይ ሲሆን ታንኩ ያበላሸው ውሃ ግን ካልተፈለገ የማይገኝ መሆኑ ነው።

ስለዚህ በእንዲህ ያለው በደል ውስጥ የመጀመሪያው የፍትሕ ሥራ መፈለግ ነው። ለዚህ በደቡብ ናይጄሪያ፣ በኒጀር ወንዝ ደለል አካባቢ ከሚገኘው የኦጎኒ ሕዝብ ምድር የበለጠ ግልጽ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል። በዚያ ምድር ነዳጅ መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ በሕዝቡ ተቃውሞ ምክንያት የማውጣቱ ሥራ በ1993 እ.ኤ.አ. ቆሟል፤ የተቃውሞው መሪ የነበረው ደራሲ ኬን ሳሮ ዊዋ ከስምንት ጓደኞቹ ጋር በወታደራዊው መንግሥት በኅዳር ወር 1995 እ.ኤ.አ. በስቅላት ተገድሏል። ከዚያ ከብዙ ዓመታት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ያካሄደውና በነሐሴ 2011 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ጥናት፣ በ69 ቦታዎች ላይ አፈሩንና የከርሰ ምድሩን ውሃ በዝርዝር መርምሯል፤ ለዚሁ ሲባል 142 የክትትል ጉድጓዶች ተቆፍረዋል፣ ከ780 የአፈር መሰርሰሪያ ጉድጓዶች ናሙና ወጥቷል፣ በድምሩ ከ4,000 የሚበልጡ ናሙናዎች ተመርምረዋል።

የክትትል ጉድጓድ ማለት ውሃ ለመቅዳት ሳይሆን ውሃውን ለመጠየቅ የሚቆፈር ጠባብ ጉድጓድ ነው። ቀጥ ብሎ በሚወርድ ቧንቧ ይሸፈናል፤ የቧንቧው የታችኛው ክፍል ውሃ እንዲያስገባ በቀጫጭኑ የተሰነጠቀ ሲሆን፣ ዙሪያው በአሸዋ ይሞላል፣ ከላይ ደግሞ የዝናብ ውሃ እንዳይወርድበት ይታሸጋል። መርማሪው ጫፉ ላይ መለኪያ ያለው ሜትር ወደ ውስጥ ይለቃል፤ መለኪያው ነዳጅ ሲነካ የማያቋርጥ ድምፅ ይሰጣል፣ ነዳጁን አልፎ ውሃ ሲነካ ድምፁ ይቆራረጣል፤ በሁለቱ ድምፆች መካከል ያለው ርቀት በጉድጓዱ ውስጥ የተንሳፈፈው ነዳጅ ውፍረት ነው። ኒሲሲኦኬን ኦጋሌ በተባለው ቦታ በዚህ ዓይነት ፍለጋ የተገኘው የነዳጅ ንጣፍ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ነበረው፤ የተገኘውም የመንደሩን ጉድጓዶች በሚመግበው ውሃ ላይ ነው። ሰዎች ይጠጡት በነበረው የጉድጓድ ውሃ ውስጥ የተለካው ቤንዜን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው መመሪያ ከ900 ጊዜ በላይ የሚበልጥ ሲሆን፣ ቦታው የሚገኘው በአገሪቱ ብሔራዊ የነዳጅ ኩባንያ ቧንቧ አጠገብ ነው። ጥናቱ ከሌላው ሥራ ሁሉ በፊት ለዚህ መንደር አስቸኳይ እርምጃ እንዲወሰድ ጠይቋል።

እንዲህ ያለው ፍለጋ በሃይማኖት ትምህርትም አቻ አለው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ንስሐ በጸጸት ብቻ አይፈጸምም፤ ተነሳሒው ኃጢአቱን ለንስሐ አባቱ ዘርዝሮ መናዘዝና የተሰጠውን ቀኖና መፈጸም ይጠበቅበታል። በጥቅሉ «በድያለሁ» ማለት ኑዛዜ አይባልም። የእስልምና ሊቃውንትም ተውበት የተሟላ የሚሆነው ሰውየው ከጥፋቱ ሲርቅ፣ ሲጸጸትና ላለመመለስ ሲወስን መሆኑን አስተምረው፣ ጥፋቱ የሰው ሐቅ ያለበት ከሆነ ግን ሐቁን ለባለቤቱ መመለስን አራተኛ ቅድመ ሁኔታ አድርገው ይጨምራሉ። የአፈርና የውሃ ምርመራ በዚህ ዓይን ሲታይ ከምሕንድስና ሥራነቱ ባሻገር የኑዛዜ ጠባይ አለው፤ ምን ፈሰሰ፣ ምን ያህል ጥልቀት ደረሰ፣ ወዴት እየሄደ ነው፣ ማን ይጠጣዋል የሚሉትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ የማይመልስ ባለዕዳ ምንን እንደሚመልስ ሊያውቅ አይችልምና። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሃንስ ዮናስ በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የኃላፊነት መርሕን በሚመለከት መጽሐፉ፣ የሰው ድርጊት ውጤት በጊዜና በቦታ በረዘመ መጠን ማወቅ ራሱ ቀዳሚ ግዴታ እንደሚሆን ተከራክሯል። ይህ ክርክር ከመሬት በታች ለሚደረግ በደል የተጻፈ ባይሆንም ከየትኛውም በደል ይልቅ ለእርሱ ይስማማል።

ያልተሟላ ኑዛዜ ያልተሟላ ማንጻት እንደሚያስከትል የኦጎኒው ጥናት በማይረሳ ሁኔታ አሳይቷል። በአካባቢው ለረጅም ጊዜ የተሠራበት የማጽዳት ዘዴ የተበከለውን አፈር ማረስ፣ መከመርና ማዳበሪያ መጨመር ነበር፤ ዓላማው በአፈሩ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች አየርና ምግብ አግኝተው ነዳጁን እንዲበሉት ነው። ዘዴው በራሱ ስሕተት አይደለም፤ የሚደርሰው ግን ማረሻው እስከሚደርስበት ጥልቀት ብቻ ሲሆን፣ ጥናቱ በ49 ቦታዎች ነዳጁን ቢያንስ 5 ሜትር ጥልቀት ላይ አግኝቶታል። ከዚህ የሚከብደው ግን ሌላ ነው፤ በምድሪቱ ነዳጅ ያወጣ በነበረው ኩባንያ መዝገብ ጸድተው ተጠናቀዋል ከተባሉት ቦታዎች መካከል 15ቱ ሲመረመሩ፣ በ10ሩ ላይ የተገኘው ብክለት ኩባንያውና መንግሥት ራሳቸው ካስቀመጡት የማጠናቀቂያ ልክ በላይ ነበር፣ በስምንቱም ብክለቱ እስከ ከርሰ ምድር ውሃ ወርዶ ተገኝቷል። በመዝገብ ላይ የታተመው «ተጠናቋል» የሚለው ቃል ለባለሥልጣን የፋይል መዝጊያ ሊሆን ይችላል፤ ከጉድጓዱ ለሚቀዳው ቤተሰብ ግን ውሃው ንጹሕ ነው የሚል ምስክርነት ነው፣ ያ ምስክርነትም በሐሰት ተሰጥቷል።

ምን ያህል ሲጸዳ ነው ጸዳ የሚባለው? ይህ ጥያቄ በአብዛኛው ለላቦራቶሪ የሚተው ቢሆንም በመሠረቱ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። የናይጄሪያ የነዳጅ ዘርፍ መመሪያ በአፈር ውስጥ ስለሚገኝ ነዳጅ ሁለት ቁጥሮችን ያስቀምጣል፤ በአንድ ኪሎ ግራም አፈር 5,000 ሚሊ ግራም ሲደርስ ጣልቃ መግባት ግዴታ ይሆናል፣ በመጨረሻ ሊደረስበት የሚገባው ግብ ደግሞ 50 ሚሊ ግራም ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ሥራ የሚጀመርበት ነጥብ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታቱ ጥናት እንዳሳየው ግን በተግባር ይኸው ቁጥር ሥራ የሚቆምበት ነጥብ ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል። በሌላ አነጋገር አንድ መሬት በ5,001 ሚሊ ግራም በሽተኛ ተብሎ ይገባና በ4,999 ድኗል ተብሎ ይሸኛል። የመጀመሪያው ቁጥር የሚነግረን ዝም ማለት ኃጢአት የሚሆንበትን ወሰን ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚነግረን ግዴታው የተፈጸመበትን ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው መቶ እጥፍ ርቀት ሕጉ ሊሞላው ያሰበው፣ ባለዕዳው ግን እንደ ትርፍ የወሰደው ርቀት ነው። እርግጥ ነው፣ ከፍጹም ንጽሕና በመለስ ያለ ልክ መቀበል በራሱ ነውር አይደለም፤ መሬቱ ለምን ሥራ እንደሚውል፣ ውሃው በምን ያህል ጥልቀት ላይ እንደሚገኝና ማን እንደሚጠጣው ታይቶ ልኩ ሊለያይ ይችላል። ነውር የሚሆነው ልኩን የሚመርጠው የሚከፍለው ወገን ብቻ ሲሆንና የሚጠጣው ወገን ሳይጠየቅ ሲቀር ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር የማይታለፍ አንድ የተፈጥሮ ሐቅ አለ፤ ምድር በነዳጅ የደረሰባትን ጉዳት በከፊል ራሷ ትጠግናለች። በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት በቤሚጂ ከተማ አቅራቢያ በነሐሴ 20 ቀን 1979 እ.ኤ.አ. የነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧ ፈንድቶ 1.7 ሚሊዮን ሊትር ያህል ድፍድፍ ነዳጅ በአሸዋማ መሬት ላይ ፈሰሰ፤ አብዛኛው ከተሰበሰበ በኋላ 400,000 ሊትር ያህል በመሬት ውስጥ ቀረ። ከ1983 ጀምሮ ቦታው የምርምር ጣቢያ ሆኖ ስለቆየ፣ ነዳጅ በከርሰ ምድር ውስጥ ምን እንደሚሆን ዛሬ ከሚታወቀው ብዙው የተገኘው ከዚያ ነው። ባክቴሪያዎቹ ነዳጁን ለመብላት በመጀመሪያ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጠቀማሉ፤ እርሱ ሲያልቅ በአፈሩ ውስጥ ወዳለው ብረት ይሸጋገራሉ፤ የነዳጁ አስኳል ባለበት ቦታም ሚቴን የተባለውን ጋዝ እያመነጩ ይቀጥላሉ። በዚህም ምክንያት በውሃ የተሟሟው ብክለት ውሃው የሚፈስበትን ያህል ርቀት አልተጓዘም። ይህ ግኝት ትልቅ የምስራች ነው። ነገር ግን እነዚያው ተመራማሪዎች ብረቱ ሲሟሟ ከእርሱ ጋር ተጣብቆ የነበረው አርሴኒክ የተባለው መርዝ ወደ ውሃው እንደሚለቀቅ፣ ነዳጁም ከአርባ ዓመት በኋላ ጨርሶ እንዳልጠፋ ደርሰውበታል።

ተፈጥሮ በምታደርገው ጥገና ተማምኖ መጠበቅ በሙያው ቋንቋ በክትትል የታገዘ ተፈጥሯዊ መመናመን ይባላል፤ የብዙ አገሮች ሕግም ይፈቅደዋል። የሚፈቀደው ግን ጉድጓዶች እየተለኩ፣ ብክለቱ አለመስፋፋቱ እየተረጋገጠና ከሰፋም ጣልቃ ለመግባት ዝግጅት እያለ ነው። ያለ ክትትል መጠበቅ ዘዴ ሳይሆን መተው ነው። በሃይማኖት ቋንቋም ቢሆን ነገሩ ይኸው ነው፤ የእግዚአብሔር ምሕረት ብዙ መሆኑ ለበዳዩ የቀኖና ማቅለያ አይሆንም፣ የተበዳዩ ቁስል በራሱ ጊዜ መጠገጉም የበዳዩን ዕዳ አይሰርዝም። ባክቴሪያዎቹ የሚሠሩት ለፍጥረት በተሰጣት ሥርዓት እንጂ በኩባንያው ስም አይደለም።

ገንዘብ ምን ያህል እንደሚችልና እንደማይችል ለማየት በዚያው በኦጎኒ ምድር የሚገኘውን የቦዶ ማኅበረሰብ መመልከት ይበቃል። በ2008 እ.ኤ.አ. ሁለት ጊዜ ከቧንቧ የፈሰሰ ነዳጅ የአካባቢውን የባሕር ዳር ረግረግና የዓሣ ማስገሪያ ካጠፋ በኋላ፣ ያው ነዳጅ አውጪ ኩባንያ በጥር 2015 እ.ኤ.አ. 55 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ። ካሳው የተገባና ሰዎቹ በብዙ ድካም ያገኙት ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ሆኖም ስምምነቱ በተፈረመበት ቀን ረግረጉ እንደ ተበከለ ነበር። ፕላቶ ሁለቱን ዕዳዎች ለይቶ ባይጽፍ ኖሮ ይህ ነገር ለፍልስፍና አዲስ ጥያቄ ይሆን ነበር፤ ለይቶ ስለጻፈ ግን የቀረው ጥያቄ ሳይሆን ያልተፈጸመ ግዴታ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ የሚነሳው ከጊዜ ነው። በዚያው በኦጎኒ ምድር ኤጃማ ኤቡቡ በተባለው ቦታ የፈሰሰው ነዳጅ ከ40 ዓመት በኋላ፣ ተደጋጋሚ የማጽዳት ሙከራ ተደርጎም፣ ገና በከባዱ ይገኝ ነበር፤ ጥናቱ ለጠቅላላው ምድር መልሶ ማገገም የገመተው ጊዜም ከ25 እስከ 30 ዓመት ነው፣ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ብቻ አንድ ቢሊዮን ዶላር የመነሻ ገንዘብ እንዲመደብ ሐሳብ ቀርቧል። ቧንቧውን ከቀበሩት ሰዎች ብዙዎቹ ሞተዋል፤ ብክለቱን ካደረሱት መካከልም ነዳጅ የሚሰርቁና በጫካ ውስጥ በጥንታዊ ዘዴ የሚያጣሩ የአካባቢው ሰዎች ይገኙበታል። ታዲያ ማን ይክፈል? የኦሪቱ ሕግ «የከፈተ» እና «የቆፈረ» ብሎ ሁለት ሰዎችን ለይቶ መጥራቱ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ የመጀመሪያው ቆፋሪ ተጠያቂ ስለሆነ በኋላ የመጣው ከፋች ነጻ አይወጣም፣ ከፋች ስለተገኘም ቆፋሪው አያመልጥም። የሞቱትን በተመለከተ ደግሞ ከቧንቧው የተገኘው ጥቅም ከእነርሱ ጋር አልተቀበረም፤ በኩባንያ ሀብትነትና በመንግሥት ገቢነት ወደ ዛሬ ተሻግሯል። ሀብቱን የወረሰ ዕዳውን አልወርስም ሊል አይችልም፤ ይህ በውርስ ጉዳይ ላይ የሀገራችን ሽማግሌም የሚፈርደው ፍርድ ነው።

የአማርኛ አንባቢ ይህን ጉዳይ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሊያየው አይገባም። ኢትዮጵያ የምትጠቀመው ነዳጅ በቦቴ ከጅቡቲ ተጭኖ ይመጣል፣ በየከተማው ማደያዎች ሥር በተቀበሩ ታንኮችም ይቀመጣል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉን የምታገኘው በአቃቂ ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለት ያደረሰ ሰው የተበከለውን አካባቢ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል፤ ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት አቤቱታ እንዲያቀርብም ይፈቅዳል። ሕጉ ከካሳ ባሻገር ማጽዳትን ራሱን ግዴታ ማድረጉ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ከመሬት በታች ያለውን ብክለት ያለ ክትትል ጉድጓድ ማንም አያየውም፣ ያልታየውንም ማንም አቤት አይልበትም። ስለዚህ መመሪያ የሚያወጡና ፈቃድ የሚሰጡ አካላት ታንክ በሚቀበርበት ቦታ ሁሉ የክትትል ጉድጓድ አብሮ እንዲቆፈር፣ የልኬቱ ውጤት በአካባቢው ለሚኖረው ሕዝብ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገር፣ ሥራ የሚጀመርበትና የሚቆምበት ልክም በሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ተጽፎ፣ «ተጠናቋል» የሚለው ማኅተም ከዚያ ውሃ የሚጠጡ ሰዎች በተገኙበት እንዲመታ ያድርጉ።